ልጄ ስለ ጁሊያን ቦንድ ልትጽፍ ነው፣ የስቴት ተመራጭ ብቻ ሆኖ እንዴት ስሙ ይሄን ያህል ገነነ?

ሳራ_ስቶንማውንቴን

ሰላም ለሁላችሁ እንደምን ሰነበታችሁ። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለችኝ፣ እዚህ ጆርጂያ ስምንተኛ ክፍል ላይ የስቴቱን ታሪክ ነው የሚማሩት፣ እና አስተማሪዋ የሰዎች ስም ዝርዝር ሰጥታቸው አንድ አንድ ምረጡና ስለ ህይወቱና ስለ ስራው ጻፉ ስትላቸው የኔዋ ጁሊያን ቦንድ የሚባል ሰው መርጣ መጣች። ስለ ዶክተር ኪንግ፣ ስለ ጆን ሉዊስ ብዙ እሰማለሁ፣ ይሄን ሰው ግን ገና አሁን ነው የሰማሁት። ማታ አብረን ቁጭ ብለን ትንሽ አነበብን፣ አንዱ ጋ የጆርጂያ ሃውስ (የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት) አባል ነበር ይላል፣ ሌላው ጋ ተመርጦ ሲመጣ አናስገባህም አሉት ይላል፣ ከዛ ሱፕሪም ኮርት (የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት) ይላል፣ ከዛ በ1986 ለኮንግረስ ሲወዳደር በገዛ ጓደኛው ተሸነፈ ይላል፣ ነገሩ ተደበላለቀብን።

ልጄ "እማዬ ኮንግረስ ካልገባ ታዲያ ለምንድነው ታሪክ ላይ ያለው?" አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ መሰለኝ። ደግሞ የስቴት ተመራጭ የሚባለው ምን እንደሚሰራ፣ በምን እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚገባበት በኛ ቋንቋ አስረግጦ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እዚህ ቤት ውስጥ ታሪክ የምታውቁም ካፒቶል (የስቴቱ ምክር ቤት ህንጻ) አካባቢ የምትሰሩም እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እባካችሁ የምታውቁትን ወርወር አድርጉልኝ፣ እኔ ለልጄ በአማርኛ ላስረዳትና እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለች።

ብሩክ_ዘዲኬተር

ሳራ እህቴ ልጅሽ በጣም ጥሩ ሰው ነው የመረጠችው። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሺኝ።

ጁሊያን ቦንድ በጃንዋሪ 1940 ናሽቪል ቴነሲ ነው የተወለደው። አያቱ በባርነት የተወለዱ ሰው ናቸው፣ ግን ተምረው ከኮሌጅ ወጥተዋል፣ አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ ደግሞ ትልቅ የትምህርት ሰው ናቸው፣ እዚሁ ጆርጂያ ፎርት ቫሊ ያለውን ኮሌጅ መርተዋል፣ ከዛ ፔንሲልቬንያ ያለው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዝዳንት ሆነዋል። የጋናው ንክሩማ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። እናቱ ላይብረሪያን ናቸው። ስለዚህ ልጁ ያደገው መጽሀፍ በሞላበት ቤት ነው፣ ይሄን ልጅሽ መጀመሪያ ላይ ብትጽፈው ኋላ የመጣውን ነገር ሁሉ ያስረዳላታል፣ ምክንያቱም ሰውየው እስከመጨረሻው የቃልና የብዕር ሰው ነበር።

በ1957 ቤተሰቡ አትላንታ መጣ፣ እሱም ሞርሃውስ ኮሌጅ ገባ፣ እዛ እያለ ዶክተር ኪንግ ራሱ አስተምሮታል። በ1960 ማርች ላይ የአትላንታ ጥቁር ኮሌጆች ተማሪዎች ተሰብስበው ጥቁር የማያስተናግዱ ካፍቴሪያዎች ውስጥ ገብተው ቁጭ ማለት ሲጀምሩ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ እሱ ነው፣ የከተማው ማዘጋጃ ካፍቴሪያ ገብቶ ነው የታሰረው። አስቢው፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሁሉም ግብር ከፋይ ነው፣ ካፍቴሪያው ግን የነጭ ብቻ ነበር። በዚያው አመት ስኒክ የሚባለው የተማሪዎች ድርጅት ሲመሰረት ገባበት፣ ትምህርቱንም አቋርጦ የድርጅቱ የኮሚዩኒኬሽን ሀላፊ ሆነ። (ዲግሪውን በ1971 ተመልሶ ጨርሷል፣ ይሄንንም ትጻፈው።) ስራው ምን መሰለሽ፣ ሚሲሲፒ ወይ አላባማ ገጠር ውስጥ አንድ ልጅ ሲደበደብ ወይ ሲታሰር ወዲያው መረጃውን አጣርቶ ለጋዜጦች መደወል፣ መግለጫ መጻፍ። ወሬው ካልወጣ የታሰረው ልጅ ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ ቀላል የቢሮ ስራ እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንምጣ። ከዛ በፊት የጆርጂያ ሃውስ ወንበር የሚከፋፈለው በካውንቲ ስለነበረ ጥቂት ሺ ሰው ያለበት የገጠር ካውንቲ ከአትላንታ ጋር ሲተያይ ከልክ ያለፈ ጉልበት ነበረው። ሱፕሪም ኮርት በ1964 የስቴት ምክር ቤቶች በህዝብ ቁጥር እኩል መከፋፈል አለባቸው ብሎ ሲፈርድ አትላንታ ውስጥ አዳዲስ ዲስትሪክቶች (የምርጫ ክልሎች) ተፈጠሩ፣ በ1965 ልዩ ምርጫ ተደረገ። ቦንድ ያኔ 25 አመቱ ነው፣ ቫይን ሲቲን ጨምሮ ድሀ የጥቁር ሰፈሮች ያሉበት 136ኛ ዲስትሪክት ላይ ተወዳደረና ቤት ለቤት እያንኳኳ ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ እያለ ጠየቀ፣ ወደ 82 በመቶ ድምጽ አግኝቶ አሸነፈ። በዛ ምርጫ ስምንት ጥቁሮች ናቸው ሃውስ የገቡት፣ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እዛ ቤት ጥቁር ተመራጭ አልነበረም።

ከዛ ነው ጉዱ የመጣው። ስራ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1966፣ ቱስኬጊ አላባማ ውስጥ ሳሚ ያንግ የሚባል ተማሪ፣ ኔቪ ውስጥ ያገለገለ ልጅ ነው፣ ነዳጅ ማደያ የነጮች መጸዳጃ ቤት ልጠቀም በማለቱ ተገደለ። ስኒክ ከሶስት ቀን በኋላ ቬትናም ጦርነትን የሚቃወም መግለጫ አወጣ፣ ለሰው ነጻነት ቬትናም ሂዱ የምትሉን እዚህ እኛን ማን ይጠብቀናል አይነት ነው ሀሳቡ። መግለጫውን ቦንድ አልጻፈውም። ግን አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎ ትስማማለህ ወይ ሲለው አዎ እስማማለሁ አለ። በቃ ይቺ ናት። አላውቅም፣ መግለጫውን አላየሁትም ብሎ ማለፍ ይችል ነበረ፣ አላለም።

ጃንዋሪ 10 ቀን ሁሉም ተመራጭ እጁን አንስቶ ቃል ሲገባ አንተ ቆይ ገለል በል ተባለ። ሌሎቹ ሲምሉ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል። ከዛ ኮሚቴ ተቋቁሞ መረመሩት፣ የሬዲዮ ቃለመጠይቁን ቴፕ እዛው ከፍተው አሰሙበት፣ የውትድርና መመዝገቢያ ካርዳቸውን ስለሚያቃጥሉ ሰዎች ምን ትላለህ ብለው ያዙት። ድፍረታቸውን አደንቃለሁ፣ ግን ማንንም አቃጥል ብዬ መክሬ አላውቅም፣ የኔ ካርድ ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ፣ ከፈለጋችሁ ላውጣው አላቸው። ድምጽ ሲሰጥ 184 ለ12 አባረሩት። ጥፋት ተገኘበት፣ ሰረቀ፣ ምርጫ አጭበረበረ አላሉም፣ ለአሜሪካ ህገመንግስት እታመናለሁ ብሎ ቢምል ከልቡ አይሆንም ነው ያሉት። የሰው ልብ ውስጥ ገቡ እኮ!

ከሰሰ። አትላንታ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በሶስት ዳኛ 2 ለ1 ፈረደበት። በዚህ መሀል የሱ ወንበር ባዶ ነው ተብሎ ሌላ ምርጫ ተጠራ፣ የሰፈሩ ሰው እሱኑ መልሶ መረጠው። ያልከውን አንሳ አሉት፣ አላነሳም አለ፣ እንደገና ከለከሉት። በመደበኛው የ1966 ምርጫ ለሶስተኛ ጊዜ መረጡት። ልብ በይ ሳራ፣ በዛ አንድ አመት ውስጥ የቫይን ሲቲ ሰው ምክር ቤት ውስጥ የሚናገርለት አልነበረም፣ ግን ሌላ ሰው መርጠን እንገላገል አላሉም። ለኔ የዚህ ታሪክ ጀግና እነሱም ናቸው፣ ልጅሽ ይሄን ሳትጽፍ እንዳታልፍ።

ዲሴምበር 5 ቀን 1966 ሱፕሪም ኮርት 9 ለ0 ለሱ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን ናቸው፣ ተመራጭ ሰው አከራካሪ ጉዳይ ላይ አቋሙን የመናገር ግዴታም አለበት፣ አለዚያ መራጩ ምን ሊመዝን ነው፣ የሚል ነው ጭብጡ። ጃንዋሪ 1967 ቃል ገብቶ ገባ። ዛሬ በየትኛውም ስቴት የሚገኝ ተመራጭ ሀሳቡን ስለተናገረ ብቻ ወንበሩን የሚነጥቀው ቢመጣበት መጀመሪያ የሚጠቅሰው ይሄን ፍርድ ነው። ለልጅሽ ጥያቄ የኔ መልስ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ኮንግረስ ሳይገባ ነው የሀገሩን ህግ ያስተካከለው።

ዘክላርክስተን

ብሩክ እግዜር ይስጥህ ጥሩ አድርገህ ነው ያስቀመጥከው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የ1966ቱ ነገር ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ይሄው ምክር ቤት ከመቶ አመት ገደማ በፊት ያንኑ ነገር አድርጎታል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1868 ማለት ነው፣ ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ መምረጥና መመረጥ ሲፈቀድላቸው ጆርጂያ ላይ 33 ጥቁር ተመራጮች ገቡ፣ በዚያው አመት ሴፕቴምበር ላይ ግን የመምረጥ እንጂ የመመረጥ መብት የላችሁም ብለው አባረሯቸው። ከተባረሩት ውስጥ ሄንሪ ማክኒል ተርነር የሚባሉት ቄስ እዛው ቆመው ያደረጉት ንግግር እስካሁን ይነበባል፣ ልመና የሌለበት፣ ሰው ነኝ ብለው የተናገሩት። በ1870 በፌዴራል መንግስት ግፊት ነው የተመለሱት።

ካፒቶሉ ግቢ ውስጥ ለነሱ የቆመ ሀውልት አለ፣ ሳራ ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂና አሳያት፣ ከስቶን ማውንቴን ሩቅ አይደለም፣ ፎቶ አንስታ ፕሮጀክቱ ላይ ብትለጥፈው ያምራል።

ለኛ ደግሞ ቀረብ የሚል ነገር ልንገራችሁ፣ እኚህ ተርነር ኋላ ጳጳስ ሆኑና በ1898 ደቡብ አፍሪካ ሄዱ፣ እዛ "የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን" ብለው ከነጮች ሚሲዮን የተለዩ ጥቁር ክርስቲያኖች ከሳቸው ቤተክርስቲያን ጋር ተዋህደው ስለነበር ነው የሄዱት። ስሙን ያወጡት "ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" ከሚለው መዝሙር ነው። ከጆርጂያ ምክር ቤት የተባረረ ሰው የኛን ሀገር ስም የያዙ ምእመናን ጳጳስ ሆነ። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ናቲ_ኤም

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን ልጅቷ ፕሮጀክት ስትጽፍ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆንባት እኔ ሌላውን ልበል። ጁሊያን ቦንድ ሃውስ እስከ 1975፣ ከዛ ስቴት ሴኔት እስከ 1987፣ ሀያ አመት ቆየ አይደል፣ ታዲያ ታዋቂ የሆነው ከምክር ቤቱ ውጪ በሰራው ነው እንጂ ውስጥ በሰራው አይደለም። በ1968 ቺካጎ የዴሞክራቶች ኮንቬንሽን (ፓርቲው እጩውን የሚሰይምበት ጉባኤ) ላይ ለምክትል ፕሬዝዳንትነት ስሙን አቀረቡት፣ ግን 28 አመቱ ነበር፣ ህጉ 35 ይላል፣ ራሱ ተነስቶ እድሜዬ አይፈቅድም ብሎ ስሙን አወጣ። ከዛ በኋላ ሀገር ያወቀው ሰው ሆነ፣ በየኮሌጁ ንግግር ያደርጋል፣ በ1971 ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የሚባለው ለሲቪል መብት በፍርድ ቤት የሚሟገት ድርጅት ሲመሰረት የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆነ፣ ቲቪ ላይ ይወጣል። በወቅቱ አትላንታ ውስጥ የነበሩ ተቺዎቹ ይሉት የነበረው እኮ ይሄንኑ ነው፣ ሰውየው ለሀገር ሁሉ ይናገራል ዲስትሪክቱ ግን አያየውም። የስቴት ተመራጭ ስራ ደግሞ ንግግር አይደለም፣ ኮሚቴ ውስጥ ሰአታት ቁጭ ብሎ አንድ አንቀጽ ማስገባት ነው። እኔ ትልቅ ሰው አይደለም እያልኩ አይደለም፣ ግን እንደ ሌጅስሌተር ስትመዝነው ይሄም መጻፍ አለበት።

ብሩክ_ዘዲኬተር

ናቲ ወንድሜ ትችቱ እንደነበረ ልክ ነህ፣ ልጅቷም ብትጽፈው ይጠቅማታል። "ውስጥ የሰራው የለም" የሚለው ላይ ግን አልስማማም። አንደኛ፣ በጋራም በግልም ያቀረባቸው ከ60 በላይ ህጎች ጸድቀዋል፣ ጥቁር ተመራጭ በጣት በሚቆጠርበት ቤት ውስጥ ይሄ ቀላል አይደለም፣ ያኔ እኮ የሚቃወሙህም የሚደግፉህም ብዙዎቹ በ1966 184 ውስጥ ሆነው ያባረሩህ ሰዎች ናቸው፣ ኮሪደር ላይ ሰላም እያልክ ድምጻቸውን መለመን አለብህ።

ሁለተኛ ደግሞ ትልቁ ስራው እዛው ሴኔት ውስጥ የሰራው ነው፣ እሱም የ1981 እና የ1982ቱ የዲስትሪክት ካርታ ጉዳይ ነው። በየአስር አመቱ ህዝብ ሲቆጠር የኮንግረስ ዲስትሪክት መስመር የሚያሰምረው ማነው? የስቴት ምክር ቤት ነው። አትላንታ በዛ ጊዜ ብዙ ጥቁር ህዝብ አላት፣ ግን መስመሩ ሲሰመር ሰፈሮቹን እየቆራረጡ ጥቁር ሰው የማሸነፍ እድሉ እንዲጠብ አድርገው ይስሉት ነበር። ቦንድ የጥቁሩ ሰፈር ሳይቆራረጥ በአንድ ዲስትሪክት ይሁን ብሎ ረቂቅ አቀረበ፣ ታገለ፣ ምክር ቤቱ እምቢ ብሎ ሌላ ካርታ አጸደቀ። ነገሩ በቮቲንግ ራይትስ አክት (የመምረጥ መብት ህግ) መሰረት ወደ ዋሽንግተን ሄደ፣ ጀስቲስ ዲፓርትመንት (የፌዴራሉ ፍትህ ሚኒስቴር) ተቃወመው፣ ስቴቱ ከሰሰ፣ ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1982 ካርታው አድልዎ አለበት ብሎ ጣለው። ፍርዱ ውስጥ ካርታ የሚያወጣውን የሃውስ ኮሚቴ ይመራ የነበረው ሰው ጥቁሮችን በስድብ ቃል እየጠራ የተናገረው ሁሉ ተመዝግቧል። በመጨረሻ 5ኛው ዲስትሪክት ወደ 65 በመቶ ጥቁር ሆኖ ተሰመረ። ከ1987 ጀምሮ እስከዛሬ ድረስ ያ ወንበር ከጥቁር እጅ ወጥቶ አያውቅም። ይሄ ንግግር ነው እንዴ? ይሄ አንቀጽ በአንቀጽ፣ ጎዳና በጎዳና የተሰራ ስራ ነው።

ጋሽ_ወርቁ

ልጆች አምላክ ይባርካችሁ፣ እንዲህ ስትነጋገሩ ሳይ ደስ ይለኛል። እኔ በ1986 እዚህ አትላንታ ነበርኩ፣ ከሱዳን በስደት መጥቼ ታክሲ እነዳ ነበር፣ ወረቀቴ ገና ስለነበረ መምረጥ አልችልም፣ ግን ያን የምርጫ ሰሞን አልረሳውም፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወሬው አንድ ነው፣ ጁሊያን ወይስ ጆን?

እንግዲህ ብሩክ የነገረን ያ ዲስትሪክት ወንበሩ ክፍት ሲሆን ሁሉም ሰው የጁሊያን ቦንድ ነው ብሎ ነው ያሰበው። ደግሞም ይገባዋል፣ የለፋበት እሱ ነው። መልከ መልካም፣ ረጅም፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው፣ ከተማረ ቤተሰብ የወጣ። ጆን ሉዊስ ደግሞ አላባማ ገጠር በሰው መሬት ከሚያርሱ ድሀ ገበሬዎች ተወልዶ፣ ለመምረጥ መብት ሰልፍ ወጥቶ ሰልማ ድልድይ ላይ በፖሊስ ጭንቅላቱን ተፈንክቶ፣ ቃላቱ ከአፉ እየከበደው የሚወጣ፣ ያኔ የከተማው ካውንስል አባል ነበር። ሁለቱም በ1940 የተወለዱ፣ ሁለቱም የስኒክ ልጆች፣ ሀያ አምስት አመት አብረው የበሉ የጠጡ ጓደኛሞች ናቸው። ሳራ ልጄ፣ "በገዛ ጓደኛው ተሸነፈ" ያልሽው ይሄን ነው።

በኦገስቱ የዴሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት ምርጫ) የመጀመሪያ ዙር ቦንድ 47 በመቶ አገኘ፣ ሉዊስ 35 አካባቢ። እዚህ ስቴት ግን ከግማሽ በላይ ካላገኘህ ሁለተኛ ዙር ትገባለህ፣ ሶስት ሳምንት ሰጧቸው። ያ ሶስት ሳምንት ከባድ ነበር። ሉዊስ ሌሊት አራትና አምስት ሰአት ላይ ሳይቀር ሰው ያለበት ቦታ እየሄደ እጅ ይጨብጣል ይባል ነበር። ክርክር ላይ የድራግ (የአደንዛዥ እጽ) ምርመራ አብረን እንውሰድ ብሎ ፈተነው፣ ቦንድ እምቢ አለ፣ ያ ንግግር ልባቸው ውስጥ ቁስል ጥሎ አለፈ። ሴፕቴምበር 2 ቀን ሲቆጠር 52 ለ48 ሉዊስ አሸነፈ። ከጥቁሩ ህዝብ አብዛኛው ቦንድን ነው የመረጠው፣ በሰሜን አትላንታ ያለው ነጭ መራጭ ግን በብዛት ለሉዊስ ሰጠ፣ ያ ነው ሚዛኑን የደፋው።

በማግስቱ የጫንኳት አንዲት እናት፣ ሆስፒታል ጽዳት ነበር የምትሰራው መሰለኝ፣ መንገዱን ሙሉ ዝም ብላ ቆየችና ስትወርድ "ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው፣ ለምን አንዱን ብቻ ምረጡ አሉን" አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም ይቺ ገብታኛለች።

ዘግይተውም ቢሆን ታርቀዋል። ቦንድ በ2015 ሲያርፍ ሉዊስ ራሱ ያን ጊዜ ከባድ ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን ይበልጥ ተቀራርበናል ብሎ ተናግሯል። ቦንድም ቢሆን ተሸንፌያለሁ ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተማረ፣ ከ1998 እስከ 2010 ኤንዱብልኤሲፒ የሚባለው የጥቁሮች መብት ድርጅት ቦርድ ሊቀመንበር ሆነ።

ሳራ_ስቶንማውንቴን

ጋሽ ወርቁ እድሜ ይስጥልኝ፣ የእርስዎን ለልጄ አነበብኩላት፣ ሴትየዋ ያለችውን ስትሰማ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። ብሩክ፣ ናቲ፣ ዘክላርክስተን ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣች፣ አምስት ልጆች ነበሩት አይደል፣ የስቴት ተመራጭ ደሞዝ ስንት ነው ቤተሰብ የሚያኖረው? ዛሬስ ሰው ይሄን ስራ እንዴት አድርጎ ነው የሚሰራው?

ሃና_ቢ

ሳራዬ ይሄ የኔ ነው፣ በስራዬ ምክንያት በየአመቱ በብርዱ ወራት ካፒቶል እመላለሳለሁና።

ጆርጂያ ውስጥ 180 የሃውስ ተመራጭና 56 ሴናተር አለ፣ ሁሉም በየሁለት አመቱ ነው የሚወዳደሩት፣ ሴናተሮቹም ጭምር፣ ዋሽንግተን ካሉት ጋር እንዳይምታታባት። በአመት የሚሰበሰቡት 40 የስራ ቀን ብቻ ነው፣ ጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ይጀምሩና ቀኑን እየቆራረጡ ስለሚቆጥሩት እስከ ማርች መጨረሻ ወይ ኤፕሪል መጀመሪያ ይሄዳል። ደሞዙ ዛሬ እንኳን በአመት ከ30 ሺ ዶላር በታች ነው፣ በስብሰባ ቀን ደግሞ የቀን አበል አለ። ስለዚህ ሁሉም ማለት ይቻላል ሌላ ስራ አለው፣ ጠበቃ፣ ነርስ፣ ገበሬ፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥ፣ ፓስተር፣ ጡረተኛ። ለዚህ ነው ጁሊያን ቦንድ በየኮሌጁ ንግግር ሲያደርግ የኖረው፣ ናቲ ያልከው ትችት እውነት ቢሆንም ሰውየው የሚኖረው በዛ ነው፣ በምክር ቤት ደሞዝ አምስት ልጅ አይታደግም። ይሄ አሁንም ያለ ችግር ነው፣ ሶስት ወር ስራዬን ትቼ ልሂድ ብሎ አለቃው የሚፈቅድለት ሰው ካልሆነ መወዳደር ይከብደዋል፣ ኡበር የሚነዳ ወይ መጋዘን የሚሰራ ሰው እንዴት አድርጎ ይገባል? እኔ በጣም ያሳስበኛል።

ግን የሚወስኑትን ነገር ስታይ ደግሞ ትልቅ ነው። ልጅሽ ኮሌጅ ስትገባ የምታገኘው ሆፕ ስኮላርሺፕ የስቴት ህግ ነው። መንጃ ፈቃድ እንዴት ይወጣል፣ የታክሲና የራይድሼር ፈቃድ፣ የነርስና የፀጉር ሰሪ ላይሰንስ፣ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ) ለማን ይሰጣል፣ አከራይ ተከራይን እንዴት ያስወጣል፣ የትምህርት ቤት በጀት፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ ወርቅ ከተቀባው ጉልላት ስር ነው የሚወሰነው። ዋሽንግተን ያለውን እናውቃለን ኑሯችንን የሚነካው ግን በብዛት እዚህ ነው።

ደግሞ እንደ ኮንግረስ ሩቅ አይደሉም። ስብሰባ ሲኖር የምክር ቤቱ በር ላይ ገመድ ይዘረጋል፣ ሎቢስቱም (ለኩባንያና ለድርጅት ጉዳይ ተመራጭ የሚያግባባው) ተራው ሰውም እዛ ገመድ ጋ ይቆማል። ስምሽንና የተመራጩን ስም ትንሽ ወረቀት ላይ ትጽፊና ለአስተናባሪው ትሰጫለሽ፣ ወረቀቷ ውስጥ ትገባለች፣ ተመራጩ ከቻለ ወጥቶ ያናግርሻል። ባለፈው አንድ የኛ ሀገር ሰው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሱፍ ለብሰው ወረቀታቸውን ሰጥተው ቆመው አየኋቸው፣ በዙሪያቸው የትልልቅ ኩባንያ ሎቢስቶች ስልካቸውን እያዩ ይጋፋሉ፣ ተመራጯ ወጣችና ያን ሁሉ አልፋ መጀመሪያ "ሚስተር እገሌ ማነው?" ብላ እሳቸውን ጠራች፣ ምክንያቱም የሷ ዲስትሪክት ነዋሪ ናቸው፣ መራጯ ናቸው። ስለ መንጃ ፈቃድ ፈተና ጉዳይ አስረዷት፣ ደብተር አውጥታ ጻፈች። አብሬያቸው የቆምኩ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ናቲ_ኤም

ሃና ስለ ደሞዙ ያልሽው አሳምኖኛል፣ ትችቱን ስትጽፍ ይሄንንም አብራ ታስቀምጠው። ለመወዳደርስ ምን ያስፈልጋል? የኛ ልጆች እዚህ ተወልደው አድገው አንድም ስም ባሎት ላይ አለማየቴ ይቆረቁረኛል።

ሃና_ቢ

ለሃውስ 21 አመት የሞላው፣ ሲቲዝን፣ ጆርጂያ ውስጥ ሁለት አመት፣ ዲስትሪክቱ ውስጥ አንድ አመት የኖረ። ለሴኔት እድሜው 25 ነው፣ ሌላው ያው ነው። እዚህ ተወልዶ ማደግም አይጠይቅም፣ ሲቲዝንሺፕ በወረቀት ያገኘም ይችላል፣ ፕሬዝዳንትና ምክትል ፕሬዝዳንት መሆን ብቻ ነው የማይፈቀድለት። ክላርክስተንና ዲኬተር አካባቢ ያለን ሰው ብዙ ነን፣ የስቴት ሃውስ ዲስትሪክት ደግሞ ትንሽ ነው፣ በፕራይመሪ ጊዜ የሚወጣው መራጭ ጥቂት ስለሆነ አንድ ቤተክርስቲያንና አንድ መስጊድ ተባብረው ቢወጡ ውጤት ይቀይራሉ።

ሳራ ለአንቺ ደግሞ የመጨረሻ ነገር። ልጅሽ 12 አመት ካለፋት በስብሰባው ወቅት ለአንድ ቀን ምክር ቤቱ ውስጥ ፔጅ ሆና ማገልገል ትችላለች፣ እነዛን ወረቀቶች ከገመዱ ተቀብለው ለተመራጮቹ የሚያደርሱት ልጆች ናቸው ፔጅ የሚባሉት። ከትምህርት ቤት እንደቀረች አይቆጠርባትም፣ ህጉ ራሱ እንደተገኘች ነው የሚቆጥራት። ማመልከቻው የሚሄደው በዲስትሪክታችሁ ተመራጭ ቢሮ በኩል ነው፣ ማን እንደሆነ ካላወቅሽ የሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት (ምርጫ የሚያስተዳድረው የስቴቱ መስሪያ ቤት) ማይ ቮተር ፔጅ የሚባለው ድረገጽ ላይ ስምሽን፣ ካውንቲሽንና የትውልድ ቀንሽን ስታስገቢ ያወጣልሻል። ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ከገና በፊት ደውይ።

ሳራ_ስቶንማውንቴን

አሁን ገብቼ አየሁት፣ የሃውሱንም የሴኔቱንም ስም አገኘሁ፣ የቢሮ ስልካቸውም አለ። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ። ልጄ ደግሞ የምትደውለው እኔ ነኝ እያለች ነው፣ ልተውላት መሰለኝ።